ለሊሊ ትከሻ የሚስማማ

ወይዘሮ እጅጋየሁ በደርግ ዘመን የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ስለዚህ ልጃቸው ሊሊና ባሏ ኩምሳ የአጋዘን አደን ሊጀምሩ ሲነሱ፣ ጠመንጃውን እሳቸው ይምረጡ ሲባል ማንም አልተከራከረም። አሁን በሚኖሩባት የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ካሉት የማኅበር ሴቶች መካከል ሰደፍን ከአፈሙዝ የሚለዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

አደኑ የመጣው ከእርቅ በኋላ ነው። ባልና ሚስቱ ስድስት ወር ተኳርፈው በሽማግሌ ታረቁ። ሽማግሌዎቹ "አብራችሁ የምትሠሩት ነገር ፈልጉ" አሏቸው። ሌላው ሰው ቢሆን ሲኒማ ይገባል፤ እነሱ የአዳኞች ኮርስ ገቡ። ያስመዘገበችው ሊሊ ናት። ወይዘሮ እጅጋየሁ ግን "ያስገደዳት እሱ ነው" አሉ።

አማቻቸውን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አልወደዱትም። ሰውየው ዝምተኛ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ደግሞ ዝምተኛ ሰው ምንጊዜም አንድ ነገር ያጠፋ ነው። ሰሞኑን ብሶበታል። ሊሊ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ደፍታ ስታስቀምጥ ዓይኑ እዚያው ተተክሎ ይቀራል። ልጄን ስልኳን እንኳ በነፃነት እንዳታይ አደረጋት ብለው አንጀታቸው አረረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኩምሳ ከንስሐ አባታቸው ከአባ ሰረቀብርሃን ጋር ብዙ ቆይቶ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። ሊሊም ተከትላ ገባች፤ እሷ ግን ቶሎ ተመለሰች።

ማክሰኞ ዕለት ወይዘሮ እጅጋየሁ አባ ዘንድ ሄዱ። በጥይት የወደቀ አጋዘን ለክርስቲያን ይበላ እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር።

"ፍልሰታ ሲፈታ ሊሄዱ ነው አባ" አሉ።

አባ የሥጋውን ነገር አልመለሱም። በክርስትና ስማቸው ጠሯቸውና፣ "ወለተ ማርያም፣ ይህ የጠመንጃ ነገር ይቅር" አሏቸው።

"ለምን?"

"ይቅር አልኩሽ።"

"ነገረዎት አይደል? ኩምሳ ነገረዎት?"

"የንስሐ ነገር አይጠየቅም።" መስቀላቸውን እንኳ ሳያሳልሟቸው ወደ ውስጥ ገቡ።

ወይዘሮ እጅጋየሁ ደረጃውን እየወረዱ ነገሩን ገጣጠሙት። ኩምሳ ልጃቸውን ጫካ ወስዶ ሊገድላት ነው። ሐሳቡ ከብዶት ተናዘዘ ማለት ነው። እዚያው መኪናቸው ውስጥ ሆነው ደወሉ።

"ሊሊ፣ አትሄጂም!"

"እማዬ፣ ሲሪየስሊ? ከቀረሁ እኮ እርቁ ፈረሰ ማለት ነው። ከፈራሽ ሴፍ የሆነውን አንቺ ምረጪልን።"

ፖሊስ ጋ ይሂዱ? ምን ብለው? ቄሱ መስቀል ሳያሳልሙኝ ገቡ ብለው? "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" አሉና ነገሩን በራሳቸው መንገድ ሊይዙት ቆረጡ።

ቅዳሜ ሦስቱም ሳን ሆዜ ወዳለ የጠመንጃ ሱቅ ሄዱ። ሻጩ ለጀማሪ የሚሆኑ አራት ጠመንጃዎች ደረደረ። ወይዘሮ እጅጋየሁ አንድ በአንድ አንስተው፣ ጥይት አለመኖሩን በጣታቸው ፈትሸው፣ ሦስቱን መለሱ። ልጃቸው ግራኝ ናት። የቀረው ጠመንጃ ማቀባበያው በግራ በኩል ነው፤ ቀላል ነው፤ ሰደፉ አጭር፣ ሲተኮስም ትከሻ የማይመታ። ለኩምሳ አስያዙት። ግዙፉ ሰውዬ ክርኑን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

"ይሄ ነው" አሉ።

"ለኩምሳስ ሌላ አንገዛም?" አለች ሊሊ።

"አንድ ይበቃል። ያዢውም አንቺ ነሽ።"

ሊሊ ከስንት ወር በኋላ ሳቀች። አንገታቸውን አቅፋ ሳመቻቸው።

እሷ ፎርም ስትሞላ ኩምሳ ቀስ ብሎ ተጠጋቸው። "እማማ፣ ስለ ሊሊ አንድ የማያውቁት ነገር አለ። ለሽማግሌዎቹም አልተናገርኩም…"

"ስለ ልጄ ከአንተ አልሰማም!" አሉት። "ጠጉሯን ትነካና፣ ነብር አየኝ በል!"

ኩምሳ አንገቱን ደፋ። "እሺ እማማ።"

በካሊፎርኒያ ሕግ ጠመንጃ ተገዝቶ አሥር ቀን ሳይሞላ አይወሰድም። ወይዘሮ እጅጋየሁ አሥሩንም ቀን ልጃቸውን ሲመክሩ ከረሙ።

"ለደቂቃ እንኳ አታስይዢው። እሱ ፊት ፊት ይሂድ፣ አንቺ ከኋላው። ዓይንሽን ከጀርባው እንዳታነሺ።"

"ስንት እርምጃ ልራቅ?"

"ሃያ። ቢዞርብሽ ጊዜ ይኖርሻል።"

ለኩምሳም ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ገዙለት። ሰውየው ስጦታ ከአማቱ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነውና እንባ ቀረሽ ሆኖ አመሰገነ። የገዙለት ግን ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ከልጃቸው ዓይን እንዳይሰወር ነው።

ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ባልና ሚስቱ ከሳን ሆዜ በስተደቡብ ወዳሉት ኮረብታዎች ሄዱ። ወይዘሮ እጅጋየሁ ኦክላንድ ቤታቸው ውስጥ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሙ። ቁርስ አልቀመሱም። "ልጄን ብቻ መልሺልኝ" ይላሉ፣ ደግመው ይሰግዳሉ።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ስልኩ ጮኸ። ሊሊ ነበረች።

"እማዬ፣ ኩምሳ ሞተ። በስህተት መታሁት። ሸሪፎቹ አጠገቤ ናቸው።"

ወይዘሮ እጅጋየሁ ወለሉ ላይ ተደፍተው መሬት ሳሙ። "ተመስገን አምላኬ! ሊገድልሽ ሲል ቀደምሽው! ለአባ ተናዞ እንደነበር አውቄያለሁ፤ አልነገርኩሽም እንጂ አውቄያለሁ!"

"ማን? ኩምሳ?"

ሊሊ፣ አጠገቧ አማርኛ የሚሰማ እንደሌለ ታውቃለችና፣ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ ቀጠለች።

"እማዬ፣ አሁኑኑ ለአባ ኮል አድርጊና አደራ በያቸው፤ ያን እሑድ የተናዘዝኩላቸውን ለማንም እንዳይናገሩ።"