አቧራ የሚያቆይ ነገር

ከላቫጆው በር ውጭ ክላክስ ሁለቴ ጮኸ። አጣቢው ራሱ የቀመመውን ፈሳሽ በጠርሙስ እየበጠበጠ ሲወጣ፣ አቧራ የጠገበች ነጭ ቪትዝ ቆማለች። ፊቱ በራ። ጨርቅ ሳይነካው አቧራ የሚያረግፍ ፈሳሽ መኪና የሚወድ ሰው ሁሉ የሚመኘው ነገር ነው። እሱ ሦስት ዓመት ለፍቶበታል፤ የቀረው የሚሞክርበት እንዲህ ያለ መኪና ብቻ ነበር።

ጥቁር የለበሰች ሴት ከመኪናዋ ወረደች።

"ወንድሜ፣ የኋላውን መስታወት ግን..."

"እሱማ አንደኛ ነው እትዬ! ከእሱ ነው የምጀምረው።"

መስታወቱ ላይ፣ አቧራው ውስጥ፣ በትንሽ ጣት ተጽፏል፦ "እማዬ ሰነፍ፣ መኪናሽን እጠቢ።" አጣቢው አንብቦ ሳቀ።

"እነዚህ ልጆች መቼም አያልቅባቸው!" አለና ረጨው።

እውነትም ጨርቅ አላስፈለገውም። አቧራው ከነጽሑፉ ወርዶ መሬት ላይ ጭቃ ሆነ።

"አዩልኝ አይደል? ምልክት እንኳ አልተወም! በሉ እንግዲህ፣ ቀጥሎ ምን ልፍጠርልዎት?"

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጭቃውን በጣቷ ነካች።

"አቧራውን ባለበት የሚያቆይ ነገር አለህ ወይ ልልህ ነበር የመጣሁት" አለች።

አጣቢው ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ሳቁን እስኪጨርስ አልጠበቀችም፤ መኪናዋን አስነሥታ ሄደች።