ከጓንዡ ቤይሩት

ጋሽ ኑሪ ፓስፖርታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ጅዳ ስንት ሰዓት ያስኬዳል፣ ልጄ?» አሉ።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ አባባ» አለች ትኬት ቆራጯ ሲፈን። «ገና ቁጭ ከማለትዎ ይደርሳሉ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ልጃቸው በከርም ሳቀ። አባቱን ለዑምራ መካ ሊልክ ነው ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ወዳለው ትኬት ቢሮ ይዟቸው የመጣው፤ ከጠዋት ጀምሮ ደስ ብሎታል።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ ጋሽ ኑሪ። «ከጓንዡ ቤይሩትስ?»

የበከር ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ።

«ከቻይና ሊባኖስ ማለትዎ ነው?»

«አዎ። ልጄ ሀያት ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ታማ ሆስፒታል ገባች። ይሄ ወንድሟ ያኔ ዕቃ ሊያመጣ ጓንዡ ነበር። መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ እሷ ደግሞ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ምን ያድርግ? እንዲያው ርቀቱን ልወቀው ብዬ ነው።»

ሲፈን «ነፍስ ይማር» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። በከር በዓይኑ ሊጠቅሳት ሞከረ፤ አላየችውም። ጫማ የሞላው ኮንቴይነር ሲታሸግ ቆሞ ማየት ነበረበት፤ ወደ እህቱ ያልሄደበት ምክንያት ያ ብቻ ነበር። ሀያት ደውላ፣ «አንተ እኮ እዚያው እስያ ነህ፣ ብቅ በልልኝ» ስትለው፣ ይሻላታል ብሎ ነበር። ለአባቱ «ሦስት ቀን ነው» ያለው ከሞተች በኋላ ነው። እሳቸውም ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ሲያስረዱለት ከረሙ።

«ሰባት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው» አለች ሲፈን። «ዱባይ ላይ አውሮፕላን ይቀየራል። ከነጥበቃው አሥራ አምስት ሰዓት።»

«ሰዓት?»

«አዎ፣ ሰዓት። ማታ የተነሳ በማግስቱ እዚያ ነው።»

ጋሽ ኑሪ ፓስፖርታቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ሲፈን አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ በከርን አየች፤ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ፊቷ ቀላ። በከር የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ቆመ።

«ያኔማ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ፣ ለሲፈን፣ «ኮሮና ነበር እኮ። አየር መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ። ልጄ ቢከፈትለት በእግሩም ቢሆን ይሄድ ነበር።»

«ውይ፣ ለካ!» አለች ሲፈን፣ እፎይ ብላ።

ሀያት የሞተችው አምና ነው። ይህን ከጋሽ ኑሪ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። በከር በዕድሜው ሁሉ አባቱ ሲዋሹ ሰምቶ አያውቅም፤ ዛሬ፣ ለዑምራ ኒያ ይዘው፣ ልባቸውን ለአምልኮ አዘጋጅተው፣ ለእሱ ብለው ዋሹ። ወለሉ ቢከፈትለት ይገባበት ነበር።

ትኬቱን ተቀብለው ወረዱ። ደረጃውን ሲወርዱ ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ወረዱ። አስፋልቱ ዳር ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ ቆሞ ነበር። ጋሽ ኑሪ ገብተው ተቀመጡ። ከአጠገባቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ነው።

በከር እግሩን ሊያነሳ ሲል የበሩን እጀታ ያዙ።

«አንተ በሚቀጥለው ና» አሉት ቀስ ብለው፣ ሳያዩት፤ በሩንም ራሳቸው ሳቡት።