ስልኳ ላይ የሚመታው ልብ

ታፈሰ ደረቱ ውስጥ የልብ ምት የሚያስተካክል ፔስሜከር ከተገጠመለት በኋላ ሐኪሙ በየጠዋቱ ፈጠን ፈጠን እያለ እንዲራመድ፣ የልቡ ምት ግን ከልክ እንዳያልፍ አዘዘው። ሚስቱ አብሬህ ልሂድ ብትለው፣ "እንደ ሕፃን አትጠብቂኝ፤ ልጄ ትበቃኛለች" አላት። ሚስቱም የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ገዝታ እጁ ላይ አሰረችለትና ምቱን በስልኳ መከታተል ጀመረች። በየጠዋቱ ቁጥሩ ከፍ ሲል እያየች፣ "ተመስገን፣ ዛሬም ተራመደልኝ" እያለች ቁርሱን ታሰናዳለች።

አንድ ቅዳሜ ስልኳ ጮኸ። ምቱ ሐኪሙ ከወሰነው ልክ እጅግ አልፏል። ብትደውል የሚያነሳ የለም። በነጠላ ጫማ እየሮጠች እሱ የሚራመድበት ኳስ ሜዳ ደረሰች።

ባሏ ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሜዳውን በሩጫ የምትዞረው ልጃቸው ምንትዋብ ናት። ሰዓቱ የታሰረው እሷ እጅ ላይ ነው።

ልጅቷ እናቷን ስታይ ክው ብላ ቆመች።

"እማዬ... እንዳትጨነቂ ብሎ እኮ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ታፈሰ ቀና ሳይል መለሰ። "መራመድ ካቃተኝ ሰነበተ።"

"ሐኪሙ ያውቃል?"

"ልብህ እየደከመ ነው ያለኝ እሱ ነው።"

"እህትህስ ታውቃለች?"

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

መንገዱ ዳር ባጃጁን ያቆመ ሾፌር ወደ እነሱ እየመጣ፣ "ጋሼ፣ እንደ ሁልጊዜው ልደግፍዎት?" አለ።

ሚስቱ ዞራ አየችው።

"አንተም ታውቃለህ?" አለችው።