እኩል ጭልፋ

መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ከኢራዋዲ ወንዝ ዳር ብቅ ሲሉ፣ ዶ ንዌ ዪ ትኩሱን የሩዝ ድስት ታቅፋ ደጇ ላይ ትጠብቅ ነበር። አንድያ ልጇ ከመነነ ወዲህ ቤቷ ጭር ብሏል፤ እሱን የምታየው እንዲህ ጠዋት ጠዋት ለምጽዋት ሲያልፍ ብቻ ነው። ትናንት ግን ጎረቤቷ፣ «አንቺ፣ ጭልፋሽ ልጅሽ ጋ ሲደርስ ይሰፋል እንዴ?» ብላ አሽሟጠጠቻት። እውነቷን ነው። ወደ ቡድሃ መንገድ ከሚያደርሱት ምግባሮች አንዱ ሰውን ሁሉ በእኩል ዓይን ማየት አይደል? ዛሬ ሳታዳላ ልትሰጥ ቆረጠች።

ቀና አላለችም። ዓይኗን ከጥቁሮቹ የምጽዋት ሳህኖች ሳትነቅል ለእያንዳንዱ እኩል እኩል ጨለፈች። አንዱ ፊቷ ቆሞ ሲያስል እንኳ እጇ አልተዛነፈም።

ሰልፉ ሲያልፍ ጎረቤቷ ከማዶ ሳቀች። «ዛሬስ ጎበዝ፣ አላዳላሽም! ግን ልጅሽ ምነው እንዲህ ከሳ? ሳሉም ጠንቶበታል።»

ዶ ንዌ ዪ ባዶውን ድስት እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች። ሳሉንስ ሰምታው ነበር። «ምስኪን፣» ብላ ነበር በልቧ፣ «የማን ልጅ ይሆን?»