ጉራቻ ያመጣው ኪስ

ጥቁሩ ውሻችን ጉራቻ የለየለት ሌባ ነው፤ በሰፈሩ የተሰጣ ልብስ ሁሉ ይጎትታል። ባለፈው ወር ተቀዶ ጭቃ የነካው የሸሚዝ ኪስ በአፉ አምጥቶ ደጄ ላይ ጣለ። የእኔ ነው ያለ ሰው ስለጠፋ፣ ሰባት ጊዜ አጥቤ ለልጆቹ በምሰፋው ድሪቶ ላይ ጣፍኩት።

ዛሬ ጠዋት ባሌ ኑርሁሴን ትናንት የገዛውን አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ሰንበቴ ገበያ ሊወጣ ሲል የኪሱ ቁልፍ ወለቀ።

«ነጅዋ፣ ቶሎ በይ! መኪናው ሊያመልጠኝ ነው።»

አረንጓዴ ክር ስላጣሁ በቀይ ሰፋሁለት።

«ኢንሻአላህ ለመግሪብ እደርሳለሁ» ብሎ ወጣ።

ወደ ድሪቶዬ ተመለስኩ። ጉራቻ ያመጣው ኪስም አረንጓዴ ነው። ቁልፉ በቀይ ክር ተሰፍቷል። አሰፋፉ የእኔው ነው።

ሮጬ ስወጣ መኪናው ተነስቷል። ጉራቻ ጅራቱን እየቆላ ከኋላው ይሮጣል።