ሆዱን ሲያዩበት የማይወደው ኮምፒውተር

«ያ ኮምፒውተር ሆዱን ሲያዩበት አይወድም» ትላለች ማማ አፒዮ፣ ከአዊኖ ሱቅ ፊት ለፊት አሳ የምትጠብሰው። ለዓመታት ይህንኑ ስትል አዊኖም ለዓመታት «አንቺ ይልቅ አሳሽ እንዳያርርብሽ!» ትላታለች።

ኮምፒውተሩ ከአንድ የናይሮቢ መሥሪያ ቤት ተወግዶ የመጣ አሮጌ ነው። የኪሱሙ ከተማ ሰው ዘመድ ሲሞትበት፣ ለቀስተኛው የሚታደለውን የሟቹን ታሪክና ፎቶ አዊኖ የምታዘጋጀው በሱ ነው። ዛሬ ግን የገዛ ወንድሟን የኦቡያን ታሪክ ልታትም ስትል፣ ኮምፒውተሩ ቆመና ኦቡያ ስክሪኑ ላይ ፈገግ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ቀብሩ ነገ ነው። ሌላ ፎቶ የላትም፤ የወንድሟ ቤት ከነፎቶዎቹ፣ ከነራሱ ከኦቡያ ተቃጥሏል።

«ሚሞሪ እንጨምርለት ወይስ እሱንም እንቅበረው?» አለ ሊጠግነው የተጠራው ኦጉቱ።

«ቀልድህን ለሚስትህ! አዲስ እገዛለሁ። መጀመሪያ ግን ዲስኩን አውጥተህ ወንድሜን አትርፍልኝ።»

«አይዞሽ እህቴ፣ ዲስኩ እስካለ ድረስ ኦቡያም አለ።»

ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ፤ ስክሪኑ ጠፋ። ብሎኖቹን ፈታ፣ ሽፋኑን አነሣና ወደ ውስጥ አጎነበሰ።

«ማን ከፍቶት ያውቃል?»

«ማንም። ምነው?»

አዊኖ ገፍታው ውስጡን አየች። ዲስክ የለም። ሽቦ የለም። አንዲት ብሎን እንኳ የለችም። ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አቧራ የጠገበ የሸረሪት ድር ሳይበጠስ ተወጥሮበታል።

«ዝጋው» አለች አዊኖ። «ዝጋውና መልሰህ ሰካው!»

ዘጋው፤ ሰካው። ስክሪኑ ግን አልበራም። አዊኖ ማብሪያውን ደጋግማ እየተጫነች ቆርቆሮውን በሌላ እጇ ትደባብሰው ጀመር።

«አላየንህም» አለችው። «በእናትህ፣ ምንም አላየንም።»