የቮልስዋገኗ ቀለም

ዘሚካኤል በአረንጓዴ የተቀባውን ናሙና ቆርቆሮ ከአሮጌዋ ቮልስዋገን ሰማያዊ በር ጋር አስጠግቶ ያዘና፣ «ይኸው! ቁርጥ እሷን!» አለ። ሚስቱ ጣይቱ የሚቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር። ከመምህርነቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መኪናዋን በገዛ እጁ ሲፈታ ሲገጥም ኖሮ፣ የቀራት ቀለም ብቻ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። የአርባ ምንጩ ቀለም ቀቢ ግራ ተጋብቶ ጣይቱን አየት አደረጋት።

«ጋሼ፣ በደንብ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ አልኩህ እኮ!» አለ ዘሚካኤል። ጣይቱ የመጡበትን መንገድ አስታወሰች። ጠዋት ከሚኖሩባት ከገረሴ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለት እሱ እየነዳ፣ እሷ ጎኑ ተቀምጣ የባጥ የቆጡን እያወራችለት ነበር የወረዱት። ከፊታቸው የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር ጥግ ይዞ የሚቆመው ለጥንቃቄ መስሏት ነበር። የመኪናዋን ጣሪያ ተደገፈች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ከፋሲካ ወዲህ። መጀመሪያ ቀለም ነበር የሚምታታብኝ። አሁን አሁን መንገዱም ይደበዝዝብኛል። ብነግርሽ መኪናዋን እንድሸጥ ታደርጊኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ጣይቱ ቆርቆሮውን ከእጁ ወስዳ አስቀመጠችና፣ ከሌሎቹ ናሙናዎች መካከል ሰማያዊውን መርጣ ለቀቢው ሰጠችው።

«የእኔስ ፊት?» አለችው፤ «ይታይሃል?»

ዘሚካኤል የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረና እጇን ጥብቅ አድርጎ ያዘ።